ሚዛኑ አባቴን አላውቅም ያለ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሰፈራችን ባሕር ዳር ሐይቁ አፋፍ ላይ ነው፣ ዓሣ የማያጠምድ ጀልባ ይሠራል፣ ጀልባ የማይሠራ የሁለቱ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ የባሕር ጂን አየሁ የማይል አጎት፣ ውሃ መሀል በስሜ ተጠራሁ የማይል ጎረቤት የለንም፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «ስንት ሰዓት ላይ? ማን አብሮህ ነበር? ከዚያ በፊት ምን ቅመህ ነበር?» እያልሁ የሰው ጨዋታ ሳበላሽ ነው ያደግሁት። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲያወራ ፖሊስ ትሆኛለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ መጠርጠር እወዳለሁ፣ መጠርጠር ደግሞ እስከዚያች የኅዳር ከሰዓት በኋላ ድረስ ጎድቶኝ አያውቅም ነበር።

ሥራዬም ጠባዬን አባሰው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምጽፈው፣ ይህን ሥራ የማታውቁ ኮምፒውተር ሲሳሳት የማይታይ፣ ሁሉን የሚያውቅ ነገር ይመስላችኋል፣ እመኑኝ፣ እንደሱ ያለ ደረቅ ፍጡር የለም። ሰባትን አንድ ጊዜ በቁጥርነት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ጽሑፍ አድርጋችሁ ብትሰጡትና እኩል ናቸው ወይ ብትሉት፣ አንዱ ቋንቋ አዎ ይላችኋል፣ ሌላው እነዚህ ጭራሽ አይተዋወቁም ይላችኋል። አንድ ዐሥረኛና ሁለት ዐሥረኛ ደምርልኝ በሉት፣ ይደምራል፣ ውጤቱ ከሦስት ዐሥረኛ ጋር እኩል ነው ወይ ስትሉት ግን አይደለም ብሎ ድርቅ ይላል፣ ምክንያቱም ውስጥ ለውስጥ ከቁጥሩ ጫፍ ላይ የማትታይ ቅንጣት ተርፋበታለች። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ውዬ ስለማድር «እኩል ነው» የሚባለውን ቃል ከማንም አፍ ዝም ብዬ አልቀበልም።

አባቴ ሰዒድ ይባላሉ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ነጂ ናቸው። የማኅበራቸውን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ስላሉ። ታዲያ ይህ ማኅበር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄደውን ሰው የሚመዘግብ ፕሮግራም ፈለገ፣ አባባ ደግሞ «ልጄ አለችላችሁ» ብለው በኩራት ይዘውኝ ሄዱ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ጠዋት ስንት ሰው ወጣ፣ ማታ ስንት ሰው ገባ፣ አለቀ። አባባ ግን ገና ወረቀቱ ላይ ሲያዩት «አይሆንም» አሉ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«መቁጠሩ ነዋ። ሰሚራ፣ ውሃ ላይ ያለ ሰው አይቆጠርም። ስንት ነን ስንል ከውሃው አንዱን እንጠራዋለን። አባቶቻችንም አልቆጠሩ፣ እኛም አንቆጥር።»

ሳቄ መጣ፣ ግን ዘወር ብዬ ሳይ ሽማግሌዎቹ ጀልባ ነጂዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴ ሳይቀር «ስክሪኑ ላይ ቁጥር እንዳላይ፣ የሄደውና የተመለሰው አንድ መሆኑን ብቻ ይንገረን» አሉ። እሺ አልሁ፣ ምን ላድርግ። ሳልቆጥር ማነጻጸር ብቻ፣ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ሲወጣ ካርድ ይቀበላል፣ ሲመለስ ካርዱን ይመልሳል፣ የጠዋቱ ዝርዝርና የማታው ዝርዝር እኩል ከሆኑ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፣ እኩል ካልሆኑ ይቀላል፣ ከቀላ ፈላጊ ጀልባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል። እንዲህ ሆነ ደንቡ። ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር፣ ቁጥሩ ያን ዕለት ልክ ነበርና።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ሠራሁ። ካርድ የምታድለው ብርቱካን ጠዋት የአንዱን ሰውዬ ካርድ ከፊቱ ዜሮ አድርጋ ዜሮ ሰባት ብላ ጻፈችው፣ ማታ ሰባት ብላ ተቀበለችው፣ የእኔ ፕሮግራም አንዱን ጽሑፍ አንዱን ቁጥር አድርጎ ይዞ አይተዋወቁም አለ፣ ቀላ፣ ፈላጊው ጀልባ በማዕበል ወጣ፣ ሰውዬው ለካ ከወደቡ አጥር ጀርባ ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ጋሽ ደምሴ ያን ዕለት የተናገሩትን ሁሉ አልደግመውም፣ የመጨረሻው ግን «ሁለተኛ በውሸት ሰው ብታስወጪብን ይህን ማሽንሽን አንሥቼ ሐይቅ ውስጥ ነው የምወረውረው» የሚል ነበር። እኔን ሳይሆን አባባን እያዩ ነው ያሉት፣ አባባ አንገታቸውን ደፉ፣ እኔን የቆጨኝ ያ ነው።

ያን አስተካከልሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ለሱባኤ ወደ ደሴት የሚሄዱ ሰዎች እዚያው መቆየት ሲያምራቸው ካርዳቸውን ለሌላ ተመላሽ ይሰጡታል፣ ካርዱ ይመጣል፣ ሰውዬው አይመጣም፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ለዚህ የወደቡ በር ላይ ሚዛን አስገባን፣ ያ ለእህል የሚሆነው መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰፊ ሚዛን፣ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ይቆምበታል፣ ጢጥ ይላል፣ ክብደቱ በሽቦ ወደ ላፕቶፑ ይገባል፣ የጠዋቱና የማታው ክብደት ተቀራራቢ ከሆነ ካርዱ የመጣው በባለቤቱ እጅ ነው ማለት ነው። ነጂዎቹም ይመዘናሉ፣ ደንቡ ለሁሉም ነው። ለወራት ያለ እንከን ሠራ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ቀን። ዐሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ፀሐይ ገና አለች፣ ነፋሱ በዚያ ሰዓት እንደ ልማዱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ እኔ ለሌላ ጉዳይ መጥቼ ብርቱካን አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ደምሴ ለለቅሶ ወደ መራዊ ሄደዋል። ጀልባዎቹ ሁሉ ገብተው የቀረው የአባባ ብቻ ነበር፣ ዘግይቷል፣ ብዙም አይደል፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበትን ያህል። ከዚያ መጣ። ዝግ ብሎ መጣ፣ ሞተሩ ከተለመደው የተለየ ድምፅ ነበረው፣ እየሠራ መሀል ላይ ቆም ይላል፣ እንደገና ይነሣል፣ እኔ ነዳጅ አልቆ ይሆናል አልሁ።

ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ስንት እንደነበሩ አልነግራችሁም፣ ይህ ነገር እኔም ላይ ተጋብቷል። አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ወጡ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ካርዳቸውን ለብርቱካን እየሰጡ አለፉ፣ ሰዎቹ ግን ዝም ብለዋል፣ ከገዳም የሚመለስ ሰው እርስ በርሱ ያወራል፣ ሎሚውን ይቆጥራል፣ እነዚህ አንድም ቃል አልተናገሩም። አባባ መጨረሻ ላይ መጡ። ከራስ እስከ እግራቸው ርሰዋል።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«እምቦጩ ነው። አረሙ ፕሮፔለሩን አነቀው፣ ገብቼ ቆረጥሁት» አሉና ሚዛኑ ላይ ወጡ።

ጢጥ አላለም።

ቆሙ፣ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ፣ ውሃ ከልብሳቸው ጠብ ጠብ ይላል፣ ሚዛኑ ዝም። የሚዛኑ መስኮት ላይ ሁለት ሰረዝ ብቻ አለ። ከዚያ ብርቱካን ክንዴን ያዘችኝ።

«ሰሚዬ፣ ቀላ እኮ!»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞርሁት። ካርዱ ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው፣ ክብደት በሚለው ቦታ ላይ ግን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል፣ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እናውቃቸዋለን፣ ትርጉማቸው «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው። ዜሮ ቢል ባልገረመኝ፣ ዜሮ ቁጥር ነው፣ ሚዛኑ ባዶ ነው ማለት ነው። ይህ ግን ኮምፒውተር ቁጥር ይመጣልኛል ብሎ ሲጠብቅ ቁጥር ሊሆን የማይችል ነገር ሲመጣበት የሚጽፈው ነው። አንድ ጉደኛ ጠባይም አለው፣ በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነ እሱ ብቻ ነው። ያው አንዱን ዕቃ ይዛችሁ ይህ ዕቃ ራሱ ይህ ዕቃ ነው ወይ ስትሉት አይደለም ይላል። ለተማሪዎች ሳስተምረው እንስቅበት ነበር።

ያን ሰዓት አልሳቅሁም፣ አልፈራሁምም፣ ተናደድሁ። መጀመሪያ ብርቱካንን ጠረጠርሁ፣ ወላሂ፣ የሆነ ነገር ነካክታ ነው አልሁ። ቀጥሎ ሽቦውን ጠረጠርሁ፣ ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት። ራሴ ወጣሁበት፣ ጢጥ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። ብርቱካን ወጣች፣ ጢጥ፣ የሷን አትናገሪ ብላኛለች። «አባባ፣ እስቲ አንዴ ይመለሱ» አልኋቸው፣ ወጡ፣ ዝም። የርጥበቱ ጉዳይ ነው ብዬ በጀሪካን ውሃ እግሬ ላይ አፍስሼ በርጥብ ጫማ ወጣሁ፣ ጢጥ፣ ስልሳ አንድ። ሚዛኑ የላከውን ጥሬ ጽሑፍ ከፍቼ አየሁ፣ የእኔ መስመር ላይ ቁጥሬ አለ፣ የብርቱካን መስመር ላይ ቁጥሯ አለ፣ የአባባ መስመርም አለ፣ ርዝመቱ ልክ እንደኛው ነው፣ የሚነበብ ነገር ግን አንድም የለበትም።

ከዚያ ለምን እንዳደረግሁት የማላውቀውን ነገር አደረግሁ፣ አባባ ቆመው ሳለ አጠገባቸው ወጥቼ ክንዳቸውን ያዝሁ። ክንዳቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ ውሃ የገባ ሰው ነውና ቢቀዘቅዝ አይገርምም። እንደው ሁለታችንም ከባዶች ነን፣ እንዳይነበብ ያደረገው አቋቋማቸው ቢሆን እንኳ የእኔ ስልሳ አንድ የትም አትሄድም፣ አይደል? ሁለት ሰረዝ። ስክሪኑ ላይ ያው ሦስቱ ፊደላት። ፕሮግራም ውስጥ ይህን አውቀዋለሁ፣ ቁጥር ካልሆነው ነገር ላይ የምትደምሩት ሁሉ አብሮት ይጠፋል፣ መቶም ደምሩ ሺህም ደምሩ ይጠፋል፣ ግን ያ የወረቀት ሕግ ነው፣ ሚዛን ብረትና ስፕሪንግ ነው፣ ሚዛን ይህን ሕግ ከየት ይማረዋል? ክንዳቸውን ለቅቄ ከሚዛኑ ወረድሁ።

«ምን ሆነሻል ሰሚራ? ልሂድ እንጂ፣ በረደኝ» አሉ አባባ።

ድምፃቸው ነው። ፊታቸው ነው። ግንባራቸው ላይ ያለችው የመልሕቅ ጠባሳ እንኳ እዚያው ናት።

ፈላጊውን ጀልባ የሚነዳው ሰው «ቀላ» ሲባል ሰምቶ ከበሩ ወዲያ ሆኖ ገመዱን ፈትቶ ይጠብቃል። «ልውጣ ወይስ ምን?» ይላል። «ማን ጎደለ?» ይላል። ምን ልበለው? ፀሐይ ከውሃው በላይ የቀራት አንድ ስንዝር ነው፣ ከጠለቀች አይወጣም፣ ጋሽ ደምሴ ነገ ከለቅሶ ተመልሰው ሰሚራ አባቷ አጠገቧ ቆመው አባቷን እንዲፈልግ ሰው በማዕበል ላከች ሲባሉ፣ እኔስ ልባረር፣ አባባ ምን ፊት ይኖራቸዋል? ብርቱካንን «ሂጂ፣ ደረቅ ጋቢ ፈልጊላቸው» ብዬ ላክኋትና ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። አንድ መስመር ጻፍሁ። የማታው ክብደት ቁጥር ካልሆነ የጠዋቱን ክብደት ውሰድ የሚል። ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር ጠዋት የሄዱትን አባቴን ጠዋት ከሄዱት አባቴ ጋር አነጻጽሬ የተመለሱት እሳቸው ናቸው አልሁ።

አረንጓዴ ሆነ። «ስሕተት ነው፣ እሰረው» አልሁት ሰውዬውን። ጀልባውን አሠረ፣ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

አባባ ጋቢውን ደርበው ወጡ። እኔ ላፕቶፑን ስዘጋ ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እማሆይ በሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘሁ፣ ከመራዊ የመጡ ናቸው፣ የሚወስዳቸውን ባጃጅ ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ያ ጀልባ ነጂው አባትሽ ነው?»

«አዎ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር አተረፈልሽ።» አማተቡ። «ብዙ ቆየ እኮ ውሃው ውስጥ። ገመድ ወገቡ ላይ አሥሮ ነበር የገባ፣ ጫፉን ከኛው ጋር የተሳፈረ አንድ ጎረምሳ ይዞት ነበር። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ፣ ሁለተኛ ደገምሁ፣ ከዚያ በኋላማ ስንት እንደሆነ እንጃ። ገመዱ ላላ። ጎረምሳው ሲስበው ባዶውን መጣ። እኛ ማልቀስ ጀምረን ሳለ፣ በወዲያኛው በኩል ጀልባውን ይዞ ወጣ።»

«ምንም አላሉም?»

«ምንም። ሞተሩን አስነሣ። ቢላዋው እንኳ እጁ ላይ አልነበረም፣ ታዲያ እምቦጩን በምን ቆረጠው እያልሁ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ።» ባጃጁ መጣና ተነሡ።

ወደ ውሃው ዳር ሮጥሁ። ወላሂ ሮጥሁ። ፀሐይ ግማሿ አለች፣ በሰሜን በኩል ውሃው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ነገር አለ፣ እምቦጭ ነው፣ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለፈላጊው ሰውዬ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ግን ምን ልለው ነው? አባቴን ፈልግልኝ? አባትሽ አሁን በብስክሌቴ አጠገብ አለፈ፣ ሰላም ብሎኛል አይለኝም? ስልኩን እንደያዝሁ ቆምሁ፣ እስኪጨልም ድረስ ቆምሁ፣ አልደወልሁም።

ቤት ስገባ አባባ እራት እየበሉ ነው፣ እናቴ ሾርባውን ትጨምርላቸዋለች፣ «አላህ አወጣልኝ» እያለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ።

«ምን ያስፈጥጥሻል? ግቢና ብዪ» አለች እናቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መመርመር ያዝሁ፣ ታውቁኛላችሁ፣ ፖሊስነቴ። ማንም የማያውቀውን ነገር ጠየቅኋቸው፣ ልጅ ሳለሁ ይፋግ ከተማ አክስቴ ቤት ስጠፋ የት እንዳገኙኝ፣ ሩዝ ማሳው ውስጥ አሉ፣ አንድ እግር ጫማሽ ጠፍቶ አሉ፣ ልክ ነው። የመጀመሪያ ጀልባቸውን ስም ጠየቅሁ፣ ነገሩኝ። ሳላቸው ያው ነው፣ ለሱብሒ ሶላት ሲነሡ በሩን የሚከፍቱበት አኳኋን ያው ነው፣ ቀልዳቸው ያው ነው፣ እናቴን የሚያስቋት በያው ቀልድ ነው። ልዩነት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፣ አንዲት ልዩነት ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱም በእኛ ሥራ ይህም አለ፣ ሁለት ነገሮች ውስጣቸው ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንና፣ አንድም የሚለያያቸው ነገር ሳይኖር፣ ኮምፒውተሩን እነዚህ እኩል ናቸው ወይ ስትሉት አዎ ይላል፣ አንድ ናቸው ወይ ስትሉት ግን አይደሉም ይላል። ከአንድ ፋብሪካ እንደወጡ ሁለት ብርጭቆዎች። አንዱ ቢሰበር ሌላው መደርደሪያ ላይ መኖሩ የተሰበረውን አያድነውም።

ለእናቴ አልነገርኋትም። ምን ብዬ? ባሏ ከሞት የተረፈላት ሴት ናት፣ በደስታ ወፍራለች።

ሌላው ነገር፣ አባባ ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ አልወጡም። «ባሕር በቃኝ» አሉ፣ ጀልባውን ለአጎቴ ልጅ ሰጡት፣ ደግመው ሚዛኑ ላይ የሚቆሙበት ምክንያት ቀረ። በዕድሜ ነው፣ ፈርተው ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ እኔም ለራሴ እንዲያ እላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ፣ የወሩ ጠቅላላ ጭነት የሚለው ቦታ ላይ ቁጥር የለም፣ ያቺ የአባባ ክብደት የተመዘገበባት መስመር ሥሯ ያለውን ሁሉ በልታዋለች። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። «የሚዛን ብልሽት ነው» አልሁ። መስመሩን አጥፍቼ እንደገና ደመርሁ፣ ቁጥሩ መጣ። አባባ የተመለሱበትን መስመር ሳጠፋ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ አለቀስሁ።

ይህን ሁሉ ሽቦ ነው ብላችሁ ልትዘጉት ትችላላችሁ። ውሃ የገባ ሽቦ፣ የደነገጡ መንገደኞች፣ ሁለተኛ ቢላዋ ኪሱ የነበረ ሰው። እኔም እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንዲያ ነበር የዘጋሁት፣ ዘግቼው እንኳ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። አባባ ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው የአጎቴን ልጅ መረብ ይጠግናሉ፣ እኔ ከአጠገባቸው ልብስ አሰጣለሁ። እሳቸው ከመረቡ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣

«ሰሚራ» አሉኝ።

«አቤት አባባ።»

«ያን ዕለት ፈላጊውን ጀልባ ለምን መለስሽው?»

ልብሱ እጄ ላይ ቀረ። ቀላ ሲባል አጠገባችን ነበሩ፣ በማን ስም እንደቀላ ግን ከእኔና ከብርቱካን ሌላ ማንም አላወቀም፣ ብርቱካን አልነገርሁም ብላ በማርያም ምላልኛለች፣ ሰውዬውም ለማን እንደሚወጣ አልተነገረውም ነበር፣ ያም ሆኖ አንዱ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወደብ ነው፣ ወሬ አይደበቅም፣ ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብሁ።

«እርስዎ መጥተው ነበራ» አልኋቸው።

አባባ መርፌውን በመረቡ ቀዳዳ አስገቡ፣ ክሩን ሳቡ፣ ቋጠሩት። ቁጣ የለባቸውም፣ ፊታቸው ላይ ያለው ሐዘን ነው።

«እኔ እኮ እምቦጩ ሥር ሆኜ ጀልባውን እጠብቅ ነበር» አሉ።